ቀኝ እጄን ይዤ ከአጋሮ ኮልፌ

በአጋሮ ከተማ ፀጉር የምቆርጥ፣ ጢም የምላጭ ሰው ነኝ፤ ስሜ ታደሰ ነው። አዲስ አበባን ያላየ ደንበኛዬ ሁሉ ወንበሬ ላይ በተቀመጠ ቁጥር «እስቲ ያየኸውን አውራን» ይለኛል። አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ከምደጋግም ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ብለጥፈው ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ከጀመርኩ በኋላ ግን ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ ነገር ገባበት፤ ስለዚህ ደብተር ሆኖ ቀረ።

አስቀድሜ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ከቡና መኪና ላይ ስወርድ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻ መለሰው። ትከሻዬ ግን መንገዱን ለመደና ክንዴን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ይወጣ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱቄ ጓሮ እየገባሁ፣ ክንዴን በግራ እጄ እየሳብኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ስመልሰው ኖርኩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዳኛ ስላጭ፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እንዳለ ትከሻዬ ወለቀ። እጄ ዱብ አለ። የእግዜር ቸርነት ሆኖ አገጫቸውን ብቻ ጫር አደረጋቸው። «ዝንብ አስደነገጠኝ ጌታዬ» አልኩ። እሳቸው ስቀው ሄዱ፤ እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘጋሁ። ትከሻው እንደሚወልቅ ለታወቀበት ሰው በአጋሮ ጉሮሮውን የሚሰጥ ማን ነው?

ለባለቤቴ ለብዙነሽ እንኳ አልነገርኳትም። ለእሷ የነገሩት ለቅዳሜ ገበያ የነገሩት ነው እያልኩ በሰው ፊት እቀልድባት ነበር። ጅማ ያለ ቁስል የሚያሽግ አንድ ድሬሰር፣ ኮልፌ በኩል ባለ ሆስፒታል ትከሻ የሚሰፋ የውጭ ዶክተር እንዳለ ነግሮኝ ወረቀት ጻፈልኝ። እኔም ለብዙነሽ የሚሽከረከር የፀጉር ቤት ወንበር ልገዛ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አልኳት።

«ብቻህን?» አለች።

«ወንበር ለመግዛት ስንት ሰው ይሄዳል?»

አየት አደረገችኝና ስንቄን ማሰር ጀመረች።

ሰኞ

ከአጋሮ የወጣሁት በጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ቡናው መቅላት የጀመረበት፣ ሰው ገና ያልተለቀመውን ቡና እያሰበ ፀጉሩን በዱቤ የሚቆረጥበት ጊዜ። ጅማ እስክደርስ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች አገኙኝ፤ ለሁለቱም ስለ ወንበሩ አወራሁ። ቀለሙን ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ቀይ ነው አልኩ። ውሸት ቀለም ካልተቀባ አያምርም። ጅማ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ቤርጎ ይዤ፣ የብዙነሽን ዳቦ ቆርሼ በልቼ፣ በግራ ጎኔ ተኛሁ። በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። መስኮቱ በቀኜ እንዲሆን አስቤ ብቀመጥም፣ ከፊት ያሉት ሲሸጋሸጉ ቦታዬ ተቀየረና ቀኜ ላይ አንድ ግዙፍ የቅቤ ነጋዴ ተቀመጠ። መልካም ሰው ነው፤ ስሜንና አገሬን ጠየቀኝ፣ ቆሎ አካፈለኝ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ጣለውና ያንን የሚያህል ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አጥንቴ ከቦታው ፈቀቅ ሲል ይሰማኛል። መቀስቀስ ነውር መሰለኝ። ከጊቤ እስከ ወልቂጤ ላብ እያጠመቀኝ የሰው እንቅልፍ ተሸክሜ ሄድኩ። ወልቂጤ ስንደርስ ነቅቶ «ጥሩ ሰው ነህ፣ ንቅንቅ አላልክም» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩና ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ትከሻዬን መለስኩት።

ከቱሉ ቦሎ ወዲህ አገሩ ተራቆተብኝ። እኛ ዘንድ ዓይን ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሜዳው ላይ ማረፊያ ያጣል። ብርዱ ደግሞ በመስኮት ሳይሆን በጫማ በኩል የሚገባ ነው የሚመስለው።

አየር ጤና ላይ ወረድኩ። አንድ ጋሪ ነጂ «ወዴት ነው ጋሼ? ቶሎ በላ፣ ፈረሱ ይበርደዋል!» አለኝ። የአዲስ አበባ ሰው ሲናገር አንዱን ቃል ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ርካሽና ንጹሕ ቤት ፈልግልኝ አልኩት፤ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ እያሾለከ ኮልፌ አንድ የጭቃ ቤት በር ላይ አደረሰኝ።

ባለቤቲቱ እማማ ዘይነባ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በርበሬና እርድ የሚነግዱ፣ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ሴት ናቸው። ገና ደጃፍ ላይ እንደቆምኩ ጠየቁኝ።

«ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ሥጋ እዚህ ቤት አትበላም። ሽሮ ግን ሃይማኖት የላትም፤ ግባ።»

አጋሮም እንዲሁ ነው። እስላሙ ጎረቤታችን ሲደግስ ለክርስቲያኖቹ በክርስቲያን እጅ የታረደ ለብቻ ያስቀምጣል፤ እኛም ለእሱ እንደዚሁ። ኮልፌም ይህን ሳገኝ ልቤ ትንሽ ሞቀ። ከዚያ ግን ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ አጋሮ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ቀይ ወንበር እንጂ ስለ እኔ እንደማያውቅ ታሰበኝ። ብሞት አስከሬኔን ፈልጎ የሚመጣ ሰው መርካቶ ወንበር ቤት ነው የሚሄደው።

ረቡዕ

ሆስፒታሉ ሰፊ ግቢ አለው፤ አበባ ተተክሎበታል። የአጋሮ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ በሽተኛና ፍየል እኩል እንደሚሰለፉ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ፍየል የለም። ዶክተሩ ረጅም ፈረንጅ ነው። ክንዴን ወደ ላይ ሊያነሣ ሲል ገና ፊቴን አይቶ ተወው። ከዚያ ደረቴን አዳመጠ፤ አዳመጠናም ከንፈሩን ነከሰ።

የምታስተረጉመው ሲስተር ሰናይት የምትባል ነርስ ናት፤ ልጅ እግር ብትሆንም ዓይኗ የእናት ዓይን ነው።

«ደረትዎ ያፏጫል» አለችኝ። «አስም አለብዎት። ለማደንዘዣ ብለን ሙሉ ሰውነትዎን ብናስተኛዎ ያሰጋል። ስለዚህ አንገትዎ ሥር ነርቩ ጋ በመርፌ መድኃኒት ይሰጥዎትና ክንድዎ ብቻ ይተኛል።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ነቅተው ያወሩናል።»

ሳቅሁ። ሳቄ እንኳ ያፏጭ ነበር።

«አስታማሚዎ ማን ነው?» አለች ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ።

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ጥርሱን ሊነቀል ሲሄድ እንኳ አራት ሰው ይከተለዋል። የለኝም ማለት አፈርኩ። «ባለቤቴ ነገ ትመጣለች» አልኩ። ስሟን ጠይቃኝ ብዙነሽ ብላ ጻፈች።

ሐሙስ

ቀጠሮዬ ዓርብ ስለሆነ ቀኑን የምገፋበት አጣሁ። በእግሬ እስከ ጦር ኃይሎች ሄድኩ። አጋሮ ከቤቴ እስከ ሱቄ ስሄድ ሠላሳ ጊዜ እጅ እነሣለሁ፤ ዛሬ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ አንድ ሰው «ፌርማታው ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ያ ነው ንግግሬ።

ፀጉር ቤት ሳይ ገባሁ። የሚሽከረከር ወንበር አላቸው፤ ቀይ ነው። ዋሽቼ የቀባሁት ወንበር እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተላጨሁ። ባለሙያው ጎበዝ ነው፣ ምላጩን የሚይዘው በሦስት ጣት ነው። ግን አንዲት ቃል አልተናገረኝም! ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ምንም። እኔ ደንበኛዬን ሳላናግር ብላጭ ሰውየው ቄስ ይጠራልኝ ነበር። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጉሮሮዬን ለማላውቀው፣ ለማያውቀኝ ሰው ሰጠሁ። ያን ጊዜ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች ምን ሲሰጡኝ እንደኖሩ የገባኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብዬ አመለጥኩ።

ዓርብ

እማማ ዘይነባ ምግብ እንደማይፈቀድልኝ ስነግራቸው ደነገጡ። የምሄደው ለቀዶ ጥገና መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ደብቄያቸው ነበር። «ለብቻህ? ያላህ!» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ፤ እስከ ሆስፒታሉ በር ሸኝተውኝ ተመለሱ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ አንገቴን ወደ ግራ አዙረው አስተኙኝ። ዶክተሩ አንገትና ትከሻዬ መገናኛ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቱ ፈለገ። ሃያ ዓመት የሰው አንገት ሳይ ኖሬ፣ የእጅ ነርቭ ሁሉ በዚያች ጎድጓዳ ተጠቃሎ እንደሚያልፍ አላውቅም ነበር።

ሲስተር ሰናይት ጎንበስ አለች። «መርፌው ነርቩን ሲነካ እስከ ጣትዎ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርዎታል። ያኔ ወዲያው ይንገሩን። እርስዎ ካልነገሩን ቦታውን አናገኘውም።»

እሺ አልኩ። መርፌው ገባ። እስከ አውራ ጣቴ ድረስ አንድ እሳት ተወርውሮ ደረሰ። እኔ ግን ዝም አልኩ።

ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አጋሮ ወጌሻ አጥንት ሲመልስ ጎረቤት ቆሞ የሚያየው አጥንቱን አይደለም፤ የሰውየውን ፊት ነው። እህ ያለ ወንድ እስኪሞት ድረስ ይተረትበታል። አባቴ እግሩ ሲቀና ስለ ከብት ዋጋ ያወራ ነበር ይባላል። ስለዚህ የሲስተሯ ቃል በጆሮዬ ገባ እንጂ አጥንቴ አልሰማትም። ዶክተሩ መርፌውን ዘወር አደረገው። እስከ ትንሿ ጣቴ ነደደኝ። ዝም። ሦስተኛም ሞከረ። ዝም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ምንም አልተሰማዎትም?»

«ምንም!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ዶክተሩ ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ አንድ ነገር ተናገረ። የሲስተሯ ፊት ጠቆረ። «ነርቩ ካልተገኘ ዛሬ አይሆንም ይላል። ማስተኛት ደግሞ በእርስዎ ደረት አይደፍርም። እንዲሁ ወደ አገርዎ ሊመለሱ ነው።»

ዳኛው ታዩኝ፤ አገጫቸው ላይ ያለችው የደም ጠብታ ታየችኝ። አፌን ግን መክፈት አቃተኝ። ሁለት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ቀን አይከፈትም።

እሷ ግን እጄን ስታይ ነበር። «አውራ ጣትዎ ሲዘል አይቼዋለሁ እኮ» አለች፣ በጆሮዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ጋሼ፣ እዚህ ጀግና አንፈልግም። የሚናገር ሰው ነው የምንፈልገው።»

አራተኛው ሲገባ «ነዘረኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዶክተሩ እጁን ሳያንቀሳቅስ ሳቀ፤ መድኃኒቱን ለቀቀው።

መጀመሪያ ክንዴ ሞቀ፣ ከዚያ ከበደ፣ ከዚያ ጠፋ። ድምፄ ሰለለ፣ የቀኝ ዓይኔ ቆብ ተንጠለጠለ፤ ሲስተሯ ይህም ከመድኃኒቱ ነው፣ ይመለሳል አለችኝ። በፊቴና በትከሻዬ መካከል ጨርቅ ጋረዱ። አንዳንድ ጊዜ ሰው በር ሲገፋ እንደሚሰማ ያህል ይሰማኛል እንጂ ሕመም የለም። የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። መቀስ በድምፁ አውቃለሁ፤ ያ መቀስ በደንብ የተሳለ ነው፤ ልቤ በዚያ ረጋ። ሲስተሯ ስለ አጋሮ ጠየቀችኝ። እየቀደዱኝ ስለ ቡና አወራኋት።

ከዚያ ክንዴን ከደረቴ ጋር በፋሻ ጠቅልለው ሰፊ ክፍል ውስጥ አስተኙኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠያቂ ገባ። ዙሪያዬ ያለው አልጋ ሁሉ በሰው ተከበበ፤ ሰሐን ተከፈተ፣ ተሳሳቁ። እኔ ጋ አንዲት ዝንብ መጣች። እውነተኛ ዝንብ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሸለብ አድርጎኝ ኖሮ ስነቃ በግራ እጄ ብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጅ ነካሁ። ሞቃት እጅ ነው፣ ደረቴ ላይ አርፏል። ብዙነሽ መጣች አልኩ። እንዴት አወቀች፣ በምን መጣች ብዬ አልጠየቅሁም። ዓይኔንም አልከፈትኩም፤ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። «ብዙነሽ፣ ወንበር የለም» አልኳት በሰለለ ድምፄ። «ትከሻዬ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።» እጁ መልሶ አልጨበጠኝም። ተቀይማለች ብዬ ጣቶቿን ስዳብስ፣ በአውራ ጣቷ ላይ የመቀስ ቀለበት ያቆረፈደው ጠባሳ አገኘሁ።

የራሴ እጅ ነበር።

ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው፤ በዚያን ዘመን ጴንጤ ይታሰር ስለነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። ልጃቸው እንባዬን አይታ «አመመዎት እንዴ ወንድሜ?» አለችኝ። «ኧረ ምንም» አልኩ፤ ያ አፍ እንደገና ተዘግቷል። ስሜን ጠየቀችኝ። ጥቂት ቆይቼ በሹክሹክታው መካከል ታደሰ የሚል ሰማሁ። በዚያ ከተማ ስሜን ሳይጽፈው የጠራው የመጀመሪያው ሰው ነው።

ቅዳሜ

ክንዴ እስኪመሽ ይነቃል ተብዬ ነበር፤ አልነቃም። ሌሊቱን አላወራውም። ነርቩን በመርፌ ሦስቴ ያስወጋሁት እኔው ነኝ፤ በእኔው ዝምታ ሞቶ ቀረ አልኩ።

ጎህ ሲቀድ ትንሿ ጣቴን ጉንዳን የሄደባት መሰለኝ። ቀጥሎ መዳፌ ሞቀ። ከዚያ ሕመሙ ከትከሻዬ ተነሥቶ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። እንዲህ ያለ ሕመም አይቼ አላውቅም። «አመመኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሲስተር! አመመኝ! እጄን አመመኝ!» ክፍሉ በሙሉ ተነሣ። ሲስተር ሰናይት ሮጣ መጣች፤ እየሳቅሁና እያለቀስኩ አገኘችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቀስኩላት። ማስታገሻ ስትወጋኝ «አሁንስ ተናገሩ» አለች።

ከቀትር በኋላ እማማ ዘይነባ ድስት ታቅፈው ገቡ። ዶሮ ነው። «አትፍራ፣ ያረደው ጎረቤቴ ወልደ ሚካኤል ነው፤ የሠራሁትም በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ቤት ነው» አሉ። «በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ?» ለሦስት ሌሊት አዳሪ እንግዳ፣ ራሳቸው ሊቀምሱት የማይችሉትን ወጥ ሰው ቤት ሄደው ሠርተው አመጡ። ጨው ማነሱን ማወቅ አይችሉምና ጠየቁኝ። «ትንሽ አንሶታል እማማ» አልኳቸው። እውነት መናገር እየተለማመድኩ ነበር።

መመለሻ

ስፌቱ እስኪፈታ ሌላ አሥር ቀን እማማ ዘይነባ ቤት ቆየሁ። በር ላይ ተቀምጬ በርበሬያቸውን በግራ እጄ እለቅም ነበር። ዶክተሩ ሦስት ወር እንዳልሠራ አዘዘኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን አብረን እናያለን እንጂ ዋስትና አልሰጥህም አለ። ስሰናበት እማማ ዘይነባ «ለሚስትህ ሳትነግራት እንዳትገባ» አሉኝ። አውቶቡሱ ላይ አንድ ሰው ሊደገፈኝ ሲል «ወንድሜ፣ ያመኛልና ወዲያ በል» አልኩት። ይቅርታ ብሎ ጋቢውን አጥፎ ትከሻዬ ሥር ደገፈልኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

አጋሮ ስወርድ፣ በየቀኑ አውቶቡስ ስትጠብቅ የሰነበተችው ብዙነሽ ቆማለች። መጀመሪያ ወንበር ያልተጫነበትን የአውቶቡሱን ጣራ፣ ቀጥሎ የታሰረ ክንዴን አየች።

«ትከሻህን ነው?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሁለት ዓመት ሌት ሌት ስታቃስት አጠገብህ የምተኛው ማን መሰለህ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እስክትነግረኝ ነዋ። የቅዳሜ ገበያ ናት እያልክ ስታስቅብኝ እሰማለሁ። ገበያው ሰማ ወይ?»

አልሰማም። በአጋሮ አንድም ሰው አልሰማም ነበር። መሬት ብትከፈት የምገባባት ቀን ያች ናት። እሷ ግን ቀረብ ብላ ከፋሻው የወጡትን ጣቶቼን ያዘችና «አመመህ?» አለችኝ። በጣም አመመኝ አልኳት። ይህ የያዘኝ እጅ መልሶ ጨበጠኝ።

ሦስት ወር ሞልቶ ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የመጡት ዳኛው ናቸው። ጨርቁን ሳላስርላቸው በፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ትከሻዬን፣ ምላጩን፣ ውሸቴን። ሌላ ዘንድ ቢላጩ እንደማልቀየም ጨምሬ ነገርኳቸው። ዳኛው ችሎት እንደሚሰሙ ሆነው እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝ።

«እና ዝንቧ ዳነች?» አሉ በመጨረሻ።

«ድናለች ጌታዬ። ሲበርዳት ግን ያማታል።»

«ስታምህ ንገረኝ፣ እንቆማለን» አሉና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።